ዝም ያለው ዘበኛ፦ ከቤት ፋየርዎል ጀርባ የተቋረጠ ኢንተርኔት እንዴት ይመረመራል?

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋካልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሴ ላይ ላዩን ሲታይ የጥገና ባለሙያ ጉዳይ እንጂ የፋካልቲ ንግግር ርእስ ላይመስል ይችላል። ነገር ግን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከተዘጉበት ጊዜ ጀምሮ የመማር ማስተማሩ ሥራ አንድ ክፍል ወደየቤታችን ገብቶ ቀርቷል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚላከው፣ ከአማካሪ ጋር የሚመከረው፣ የርቀት ስብሰባ የሚካሄደው አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ነው። ስለዚህ በሳሎኑ ጥግ የተቀመጠችው ትንሽ ሳጥን ሥራዋን ስታቆም የሚቋረጠው መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ የማስረከቢያ ቀን ያልፋል፣ ፈተና ይታጎላል።

በእንዲህ ያለው ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ምክር «ፋየርዎሉን አጥፋውና ሞክር» የሚል ነው። ዛሬ የምከራከረው ይህን ምክር በመቃወም ነው። ሁለት ምክንያቶች አሉኝ። አንደኛ፣ ለሙከራ የተነሣ ጥበቃ ተመልሶ የመቆሙ ነገር አጠራጣሪ ነው፤ ኢንተርኔቱ ከሠራ ማንም ወደ ማስተካከያው ገጽ አይመለስም። ሁለተኛ፣ ሙከራው ራሱ የሚያስረዳው ነገር ጥቂት ነው። ፋየርዎሉ ሲጠፋና ሲበራ ብዙ ጊዜ ግንኙነቱም አብሮ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ቢሠራ ችግሩን የፈታው የደንቡ መነሣት ይሁን የግንኙነቱ መታደስ አይታወቅም። ባይሠራ ደግሞ ሌላ ፋየርዎል ከፊት ሊኖር ስለሚችል «ፋየርዎል አይደለም» ብሎ መደምደም አይቻልም። የተሻለው መንገድ ዘበኛውን ሳያባርሩ መጠየቅ ነው።

በቤታችን ስንት ፋየርዎል አለ?

በአንድ ተራ ቤት ውስጥ ፋየርዎል የምንለው ነገር አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2004 ለዊንዶውስ ኤክስፒ ባወጣው ሁለተኛው የማሻሻያ ጥቅል ፋየርዎሉ ከመነሻው በርቶ እንዲመጣ አደረገ፤ ዛሬ ዊንዶውስን የሚጠቀም ሰው ሁሉ ቢያውቀውም ባያውቀውም ይህ ጥበቃ አለው። ሁለተኛው በራውተሩ ውስጥ ያለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ያለ፣ ብዙ ደንበኞችን በአንድ የሕዝብ አድራሻ የሚያስተናግድ የአድራሻ ልወጣ ነው። ይህ ሦስተኛው በጥብቅ ትርጉሙ ፋየርዎል አይደለም፤ ነገር ግን ከውጭ ለሚመጣ ሰው እንደ ዝግ በር ስለሚሆን በምርመራችን ልንረሳው አይገባም።

የራውተሩ ፋየርዎል የሚሠራበትን መንገድ ለመረዳት የግቢ ዘበኛን ማሰብ በቂ ነው። ዘበኛው ከግቢ የሚወጣውን ሁሉ ይመለከታል፤ ማን ወዴት እንደ ሄደ በመዝገቡ ያሰፍራል። ከውጭ የመጣ ሰው ሲኖር መዝገቡን ያያል፤ ከቤት ለተላከ ጥያቄ መልስ ይዞ የመጣ ከሆነ ያስገባዋል፣ ያለ ጥሪ የመጣ ከሆነ ግን ይመልሰዋል። ከዚህ አሠራር አንድ ትልቅ ቁም ነገር ይከተላል። ማንም ያልነካው የቤት ፋየርዎል ወደ ውጭ የሚሄደውን አይከለክልም። ስለዚህ አንድ ድረ ገጽ አልከፈት ሲላችሁ፣ አንድ ሰው ሆን ብሎ ደንብ ካልጻፈ በቀር፣ ፋየርዎሉ ከተጠርጣሪዎች ሁሉ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። በተቃራኒው ችግሩ ከውጭ ወደ ቤት ኮምፒውተር መድረስ አለመቻል ከሆነ ፋየርዎሉ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። ምርመራው ሁሉ የሚጀምረው በዚህ ጥያቄ ነው፦ ያልተሳካው መውጣት ነው ወይስ መግባት?

እምቢታ፣ ዝምታና «አላውቀውም»

ኮምፒውተር ግንኙነት ሲጠይቅ ካልተሳካለት ከሦስት ዓይነት መልስ አንዱን ያገኛል። ተማሪዎቼ ከሁሉ አስቀድመው እንዲለዩ የምፈልገው እነዚህን ነው።

የመጀመሪያው እምቢታ ነው። ጥያቄው እንደ ተላከ፣ ከአንድ ሰከንድም ባነሰ ጊዜ፣ «ግንኙነቱ ተከልክሏል» የሚል መልስ ይመጣል። ይህ መልካም ዜና ነው ብል አትገረሙ። እምቢታ መንገዱ ክፍት መሆኑን ያስረዳል፤ አንድ አካል ጥያቄውን ተቀብሎ መልሷል። ወይ በተጠየቀው ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም የለም፣ ወይ ደግሞ መከልከሉን እንዲናገር የታዘዘ ፋየርዎል አለ።

ሁለተኛው ዝምታ ነው። ብራውዘሩ ይዞራል፣ ይዞራል፤ እንደ ኮምፒውተሩ ዓይነት ከ20 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ገደማ ከቆየ በኋላ «የመጠበቂያ ጊዜው አልፏል» ይላል። አብዛኞቹ ፋየርዎሎች የማይፈልጉትን ፓኬት የሚጥሉት በዚህ ዓይነት፣ ድምፅ ሳያሰሙ ነው። ችግሩ ግን የተቆረጠ ገመድም፣ የጠፋ ሰርቨርም፣ የተሳሳተ አድራሻም እንዲሁ ዝም ይላሉ። ዝምታ የፋየርዎል ምልክት ሊሆን ይችላል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛው «እንዲህ ያለ ስም አላውቅም» የሚለው ነው። ይህ የሚመጣው የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ ከሚለውጠው ከዲኤንኤስ አገልግሎት ጋር ሳንግባባ ስንቀር ነው። መንገዱ ደህና ሆኖ ስሙን የሚፈታልን ብቻ ሊታጣ ይችላል። ብዙ ሰው «ኢንተርኔት የለም» የሚለው በእርግጥ «ዲኤንኤስ የለም» ማለት በሚገባው ጊዜ ነው።

መንገዱን በየክፍሉ መጠየቅ

መልሶቹን ከለየን ቀጥሎ መንገዱን ከቅርብ ወደ ሩቅ ከፋፍለን እንጠይቃለን። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግድ ነው፤ የቅርቡ ሳይረጋገጥ የሩቁን መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው።

አንደኛ፣ ችግሩ በሁሉም መሣሪያዎች ላይ ነው ወይስ በአንዱ? ስልኩ በዚያው ዋይፋይ እየሠራ ላፕቶፑ ብቻ እምቢ ካለ፣ መስመሩንና አገልግሎት ሰጪውን ከጥርጣሬ ነፃ ልናደርግ እንችላለን። ስልኩን ስትሞክሩ ግን የሞባይል ዳታውን ዝጉ፤ አለበለዚያ የምትፈትኑት ሌላ መንገድ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው የያዘው አድራሻ ምንድን ነው? በ192.168 የሚጀምር ወይም በ10 የሚጀምር አድራሻ ከያዘ ከራውተሩ ጋር ተግባብቷል ማለት ነው፤ እነዚህ እ.ኤ.አ. በ1996 ለግል ኔትወርኮች ተለይተው የተደነገጉ አድራሻዎች ናቸው። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ግን አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ የሰየመው ነው፤ በዚህ ጊዜ ስለ ፋየርዎል ማውራት ገና ነው።

ሦስተኛ፣ ራውተሩ ለፒንግ ይመልሳል? አራተኛ፣ ከቤት ውጭ ያለ በቁጥር የሚታወቅ አድራሻ፣ ለምሳሌ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1፣ ይመልሳል? አምስተኛ፣ ያው ጥያቄ በቁጥር ሳይሆን በስም ሲቀርብ ይሠራል? አራተኛው ሠርቶ አምስተኛው ካልሠራ ችግሩ ዲኤንኤስ ላይ ነው፤ የዲኤንኤስ ጥያቄዎች የሚያልፉበት ፖርት 53 በደንብ ተዘግቶ እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ስድስተኛ፣ ፒንግ እያለፈ ድረ ገጾች ብቻ ካልተከፈቱ፣ ለተመሰጠሩ ድረ ገጾች የተመደበው ፖርት 443 ተከልክሎ እንደ ሆነ እንጠይቃለን።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለፒንግ አለመመለስ የመሞት ምልክት አይደለም። ብዙ ሰርቨሮችና ብዙ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ለፒንግ እንዳይመልሱ ታዝዘው ሌላ ሥራቸውን በደህና ያከናውናሉ። የፒንግ መልስ መኖሩ ያስረዳል፤ አለመኖሩ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል እንጂ አይወስንም።

በየጠዋቱ የሚጠፋው ኢንተርኔት

ዘዴውን በአንድ ምሳሌ እንፈትነው። በአዲስ አበባ አንድ ቤተሰብ እናስብ። ወላጆች ልጆቻቸው ሌሊት እንዳይነቁ ብለው በራውተሩ ፋየርዎል ላይ የሰዓት ደንብ አበጁ፦ የልጆቹ ላፕቶፕ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ኢንተርኔት እንዳያገኝ። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ እስከ እኩለ ሌሊት ያለ ችግር ይሠራል፤ ጠዋት ግን እስከ 3 ሰዓት ድረስ አይሠራም። የጠዋት የርቀት ትምህርት ያለባት ልጅ ተቸገረች። ቤተሰቡ አገልግሎት ሰጪውን ይወቅሳል።

ጥያቄዎቻችንን እናቅርብ። የወላጆች ስልክ ጠዋት ይሠራል፤ ስለዚህ መስመሩ ደህና ነው። ላፕቶፑ በ192.168 የሚጀምር አድራሻ ይዟል፣ ራውተሩም ይመልስለታል። ከራውተሩ ውጭ ያለው ሁሉ ግን ዝም ይላል፤ በቁጥርም በስምም። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይነካው ይከፈታል። ሰዓት ጠብቆ የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ደንብ እንጂ ብልሽት አይደለም።

ምክንያቱ የራውተሩ ሰዓት ነው። ብዙ ራውተሮች የሰዓት ክልላቸው ካልተስተካከለ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ይሠራሉ፤ ኢትዮጵያ ከዚያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ወላጆቹ 21 ሰዓትና 6 ሰዓት ብለው በትክክል ጽፈዋል፤ ራውተሩ ግን 21 ሰዓት ነው የሚለው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ 6 ሰዓት ነው የሚለውም በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ደንቡ እንዳለ ሦስት ሰዓት ወደፊት ተገፍቷል።

በአገራችን ሌላም ወጥመድ አለ። ወላጁ እንደ ልማዳችን «ከ3 እስከ 12» ብሎ ቢጽፍ፣ ራውተሩ 3 ሰዓትን ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ 12 ሰዓትን ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት አድርጎ ይረዳዋል፤ ምሽቱ ክፍት፣ ረፋዱ ዝግ ይሆናል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም እንዲሁ ነው። ብዙ የቤት ራውተሮች ሰዓት የሚጠብቅላቸው ባትሪ የላቸውም። መብራት ሲመለስ ሰዓታቸውን ከኢንተርኔት ካልወሰዱ አንዳንዶቹ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ይጀምራሉ። በእኛ ምሳሌ ይህ ሰዓት በተከለከለው ጊዜ ውስጥ ስለሚወድቅ፣ መብራት እኩለ ቀን ላይ ቢመጣም ላፕቶፑ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተዘግቶ ይቆያል። ቤተሰቡ «መብራት በጠፋ ቁጥር ራውተሩ ይበላሻል» ይላል፤ ራውተሩ ግን የታዘዘውን በታማኝነት እየፈጸመ ነው።

መፍትሔው ፋየርዎሉን ማጥፋት አይደለም። የሰዓት ክልሉን ማስተካከል፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ማዘዝ፣ ደንቡን በ24 ሰዓት አቆጣጠር መጻፍ፣ ከዚያም በራውተሩ ገጽ ላይ የሚታየውን ሰዓት ከእጅ ሰዓታችን ጋር ማስተያየት ነው።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ አንድ ነገር ልጥቀስ። እንዲህ ያሉ ደንቦች መሣሪያን የሚለዩት ብዙ ጊዜ በማክ አድራሻው ነው። የቅርብ ዘመን ስልኮች ግን ለባለቤታቸው ምስጢር ሲሉ ለየዋይፋዩ የተለየ የማክ አድራሻ ይፈጥራሉ። በዚህም የተነሣ የተፈቀደለት ስልክ እንደ እንግዳ ይከለከላል፣ የተከለከለውም ሳይታወቅ ያልፋል። ለዚህ በስልኩ ላይ፣ ለቤቱ ዋይፋይ ብቻ፣ እውነተኛው አድራሻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል።

ትንሹ አልፎ ትልቁ ሲቀር

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ስውር ነው። ፒንግ ይሠራል፣ አጭር ኢሜይል ይሄዳል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ፋይል ግን መጫን ጀምሮ ይቆማል። ዝምታው እዚህ የሚመጣው በመሃል ነው።

በኢተርኔት መስመር ላይ አንድ ፓኬት እስከ 1500 ባይት ይይዛል። ብዙ የቤት መስመሮች ደንበኛውን የሚያገናኙበት ፒፒፒኦኢ የተባለው ሥርዓት ግን ለራሱ 8 ባይት ይወስዳል፤ የሚቀረው 1492 ነው። ኮምፒውተሩ 1500 ባይት ያለው፣ እንዳይከፋፈል የታዘዘ ፓኬት ሲልክ ራውተሩ «ይህ በዚህ አያልፍም፣ አሳንሰህ ላክ» የሚል መልእክት ይመልስለታል። መልእክቱ የሚመጣው ፒንግን በሚያመላልሰው በአይሲኤምፒ ነው። አንድ ጥንቁቅ ሰው «ፒንግ አደገኛ ነው» ብሎ ያልተጠሩ የአይሲኤምፒ መልእክቶችን ሁሉ ከዘጋ ይህም ምክር አብሮ ይጣላል። ኮምፒውተሩ ምክሩን ስለማይሰማ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል፤ ሥራው ይቆማል። ብዙ ራውተሮች ይህን አስቀድመው የሚከላከሉበት መንገድ አላቸው፤ የሌላቸው ወይም የተዘጋባቸው ግን ይገኛሉ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በተለመደው አድራሻ አጻጻፍ የፒንግ ራስጌዎች 28 ባይት ናቸው። ፓኬቱ እንዳይከፋፈል አዝዘን 1472 ባይት ብንልክ ጠቅላላው 1500 ይሆናል፤ 1464 ብንልክ 1492 ይሆናል። ሁለተኛው አልፎ የመጀመሪያው በዝምታ ከቀረ ምርመራው አልቋል። መፍትሔውም ጥበቃውን ማንሣት ሳይሆን ደንቡን ማረም ነው፤ የመጠን ማሳወቂያውን መልእክት መፍቀድ፣ ወይም በራውተሩ ላይ የፓኬቱን መጠን ወደ 1492 ማውረድ።

ከውጭ ወደ ቤት ለመግባት

አሁን ወደ ሌላው አቅጣጫ እንዙር። ውጭ አገር ለትምህርት የሄደ ባልደረባችን በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ወዳስቀመጠው መረጃ መድረስ ይፈልጋል እንበል። በራውተሩ ላይ ፖርት ከፈተ፣ ወደ ኮምፒውተሩም መራው፤ አልሠራም። ሌላ ደንብ ጨመረ፤ አልሠራም። በመጨረሻ ፋየርዎሉን በሙሉ አጠፋው፤ አሁንም አልሠራም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት የነበረበት አንድ ቁጥር አለ፤ ራውተሩ በውጭ በኩል የያዘው አድራሻ። በአራት ቁጥሮች የሚጻፉት የተለመዱት የኢንተርኔት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው፤ በዓለም አቀፉ ማእከል የነበረው ክምችት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 አልቋል። ስለዚህ አገልግሎት ሰጪዎች ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የሕዝብ አድራሻ ጀርባ ያስቀምጣሉ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው የአድራሻ ክልል ተለየላቸው። የራውተሩ የውጭ አድራሻ በዚህ ክልል ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ድረ ገጾች ከሚያዩት አድራሻችን ጋር ካልተመሳሰለ፣ በቤታችን ራውተር ላይ የምንጽፈው ደንብ ምንም አይፈይድም። ጎብኚው ገና ወደ እኛ በር አልደረሰም። ባልደረባችን ያጠፋው፣ ያለ ጥፋቱ የተከሰሰውን ዘበኛ ነው።

ጥፋቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2016 «ሚራይ» የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ የቤት ራውተሮችንና ካሜራዎችን የያዘው በረቀቀ ዘዴ አልነበረም። ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስባቸውን መሣሪያዎች እየፈለገ፣ ፋብሪካው የሰጣቸውን 60 ያህል የታወቁ የመግቢያ ስሞችና የይለፍ ቃላት ይሞክር ነበር። በተከታዩ ዓመት በሜይ ወር የተነሣው «ዋናክራይ» ደግሞ በፖርት 445 በኩል ተዛመተ፤ ማሻሻያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ሳለ ያልጫኑ ኮምፒውተሮች ፋይሎቻቸው ተቆለፉ። ለአንድ ተመራማሪ ይህ ማለት የዓመታት የመስክ መረጃ ማለት ነው።

ዘበኛውን ሳያባርሩ መመርመር

እንግዲህ ምን እናድርግ? የምመክረው አራት ነገር ነው።

የመጀመሪያው፣ በማጥፋት ፈንታ ማነጻጸር ነው። ያንኑ ላፕቶፕ ምንም ሳትነኩ በስልካችሁ ሆትስፖት አገናኙት። በሆትስፖቱ ከሠራ የላፕቶፑ ፋየርዎል ነፃ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ጥያቄው ወደ ቤቱ ራውተርና መስመር ይዞራል። በሁለቱም ካልሠራ ወደ ላፕቶፑ እንመለሳለን። ይህ ሙከራ አንዲት ጥበቃ ሳያነሣ ተጠርጣሪዎቹን ለሁለት ይከፍላቸዋል።

ሁለተኛው፣ የክንውን መዝገቡን ማንበብ ነው። ፋየርዎል ለውጭው ሰው ዝም ይበል እንጂ የጣለውን እንዲመዘግብ ለባለቤቱ ሊታዘዝ ይችላል። መዝገቡን አብሩ፣ ችግሩን ድገሙት፣ በዚያች ደቂቃ የተጻፈውን ተመልከቱ። ስማችሁን ይዞ ከተገኘ ማስረጃ አላችሁ፤ ካልተገኘም የት እንደማትፈልጉ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና መጻፍ ነው። ምን ነበረ፣ ምን ተለወጠ፣ ምን ሆነ፣ በስንት ሰዓት። ለላቦራቶሪ ሥራ የምንጠይቀውን ጥንቃቄ ለራውተር የማንጠይቅበት ምክንያት የለም።

አራተኛው፣ ደንብ መክፈት የግድ ሲሆን ጠባብ አድርጎ መክፈት ነው። ለአንድ ፕሮግራም፣ ለአንድ ፖርት፣ ከተቻለም ከአንድ አድራሻ ለሚመጣ ብቻ፤ የሚዘጋበትንም ቀን አስቀድሞ መወሰን። ለአገልግሎት ሰጪው ስትደውሉም «አይሠራም» ከማለት ይልቅ «ራውተሩ ይመልሳል፣ 8.8.8.8 ዝም ይላል፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በሁሉም መሣሪያዎች ላይ ነው» በሉ። ስልኩን ያነሣው ባለሙያ ሥራውን ከግማሽ ይጀምራል።

ውድ ተማሪዎች፣ የማስረከቢያ ሰዓት ደርሶ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ይህን ሁሉ ማስታወስ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ስድስቱን ጥያቄዎች ዛሬ፣ ሁሉም ነገር በሚሠራበት ቀን፣ በየቤታችሁ ሞክሯቸው፤ መልሶቻቸውንም በወረቀት ጽፋችሁ ከራውተሩ አጠገብ አኑሩ። ጤነኛው ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው በሽተኛውን መለየት ይቸግረዋል።